የኢንቨስተሮች ስሜትና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ዋጋዎቹም በተለየ ካልተገለጸ በስተቀር በአሜሪካ ዶላር ናቸው።

የኢንቨስተሮች ስሜት ሲባል ምን ማለት ነው?

አክሲዮን የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች ስለ አንድ ኩባንያ፣ ስለ አንድ ዘርፍ ወይም ስለ ገበያው በጠቅላላ በአንድ ወቅት ያደረባቸው የተስፋ ወይም የስጋት ዝንባሌ ነው። ኩባንያው ካተረፈው፣ ካለበት ዕዳና በእጁ ካለው ጥሬ ገንዘብ የተለየ ነገር ነው። እነዚህ በሂሳብ መዝገብ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ስሜት ግን ሰዎች ገና ስላልመጣው ጊዜ በሚያስቡት ውስጥ ነው የሚኖረው።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ኩባንያ በዓመት በአንድ አክሲዮን 4 ዶላር ያተርፋል እንበል። ገዢዎች ለእያንዳንዱ የትርፍ ዶላር 30 ዶላር ለመክፈል ፈቃደኛ ከሆኑ አክሲዮኑ 120 ዶላር ያወጣል። ፈቃደኝነታቸው ወደ 15 ዶላር ቢወርድ ደግሞ ትርፉ በአንዲት ሳንቲም ሳይጎድል ዋጋው 60 ዶላር ይሆናል። ይህ ለአንድ ዶላር ትርፍ የሚከፈለው መጠን የዋጋና የትርፍ ምጥጥን ይባላል። ስሜት በዋነኛነት የሚሠራው በዚህ ምጥጥን ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው?

ዋጋ የሚተምን አንድ አካል የለም። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር በመጨረሻ የተገበያዩት ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ነው። ሚሊዮን አክሲዮኖች ባለቤቶቻቸው እጅ ሳይነቃነቁ ቢቀመጡና ጥቂቶቹ ብቻ በድንጋጤ በርካሽ ቢሸጡ፣ የሁሉም አክሲዮን ዋጋ የሚሰላው በእነዚያ በጥቂቶቹ ሽያጭ ነው። «ኩባንያው በአንድ ቀን 200 ቢሊዮን ዶላር አጣ» ሲባል ከኩባንያው ካዝና የወጣ ገንዘብ እንደሌለ መረዳት ያስፈልጋል። የመጨረሻው የግብይት ዋጋ በአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ቁጥር ተባዝቶ ከትናንትናው ስሌት ጋር ሲነጻጸር የተገኘ ልዩነት ነው።

የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለስሜት ይበልጥ የተጋለጡት ለምንድን ነው?

የሲሚንቶ ፋብሪካ ዋጋ ቢያንስ በከፊል ዛሬ በሚታየው ማሽን፣ በመሬቱና በየወሩ በሚሸጠው ሲሚንቶ ላይ የቆመ ነው። የአንድ ወጣት የሶፍትዌር ኩባንያ ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረተው ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ ያገኘዋል ተብሎ በሚታሰበው ትርፍ ላይ ነው። ያ ትርፍ ዛሬ የሚለካ ነገር ስላልሆነ ሁለት አስተዋይ ሰዎች ያንኑ ኩባንያ አይተው አንዱ ሌላው ከገመተው ሦስት እጥፍ ሊገምት ይችላል፤ ስሜት የሚገባውም በዚህ ክፍተት ነው። ማልኮም ቤከርና ጄፍሪ ወርግለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ስሜት ጎልቶ የሚነካቸው አክሲዮኖች የወጣት፣ የአነስተኛና ገና ትርፍ ያላገኙ ኩባንያዎች፣ እንዲሁም የትርፍ ድርሻ የማይከፍሉና ዋጋቸው በእጅጉ የሚዋዥቅ መሆናቸውን አሳይተዋል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አብዛኛው ለብዙ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በልኩ የተሰፋ ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት ወለድ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ዶላር የወለድ ምጣኔው 2 በመቶ ቢሆን ዛሬ 82 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ ምጣኔው 5 በመቶ ቢሆን ግን 61 ዶላር ብቻ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በማርች 2022 ከዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ ማሳደግ ሲጀምር፣ ትርፋቸው ሩቅ የሆኑ ኩባንያዎች ከሌሎች ቀድመው የተመቱት በዚህ ስሌት ነው። በዚያ ዓመት የናስዳክ ጠቅላላ ኢንዴክስ፣ ማለትም ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚገኙበት የአሜሪካው የናስዳክ ገበያ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ፣ 33 በመቶ ወርዷል። ይህን ሁሉ «ስሜት» ብሎ መጥራት ስህተት ነው፤ የስሌቱ ክፍል ከስሜቱ ክፍል ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ግን ብዙ ሰው አንዱን ከሌላው ሳይለይ ይቀራል።

ኩባንያው ጥሩ ውጤት አስታውቆ ሳለ ዋጋው ለምን ይወርዳል?

ከሁሉ ይበልጥ ግር የሚያሰኘው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግሉ የኮምፒዩተር ቺፖችን የሚያቀርበው ኤንቪዲያ በኦገስት 28 ቀን 2024 የሩብ ዓመት ገቢው 30 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን አስታወቀ። ይህ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ122 በመቶ የሚበልጥ ሲሆን፣ ኩባንያው ራሱ አስቀድሞ ከገመተው 28 ቢሊዮንም ያለፈ ነበር። በማግሥቱ አክሲዮኑ ከ6 በመቶ በላይ ወረደ።

አክሲዮኑ ከሪፖርቱ በፊት የነበረው ዋጋ ይህን መልካም ውጤት አስቀድሞ ይዞት ነበር። ገዢዎች በቀደሙት ሩብ ዓመታት ከግምት እጅግ የላቀ ውጤት ስለለመዱ «ከግምት በላይ» የሚለው ራሱ የሚጠበቅ ነገር ሆኖ ነበር። በሪፖርት ቀን ኩባንያው የሚወዳደረው ካለፈው ዓመት ውጤቱ ጋር አይደለም፤ በገዢዎች አእምሮ ውስጥ ካለው፣ የትም ቦታ ካልተጻፈው ግምት ጋር ነው።

የቪዲዮ ስብሰባ አገልግሎት የሚሰጠው የዙም ታሪክ ደግሞ ይኸው ነገር በረጅም ጊዜ ሲከሰት ምን እንደሚመስል ያሳያል። በኦክቶበር 2020፣ ትምህርትና ስብሰባ ሁሉ ወደ ቪዲዮ በዞረበት ወቅት፣ አክሲዮኑ ከ550 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በ2021 መጨረሻ ከ200 ዶላር በታች ወርዷል። በዚህ መካከል ግን የኩባንያው ገቢ አልቀነሰም፤ በጃንዋሪ 2021 ባበቃው የበጀት ዓመት 2.65 ቢሊዮን የነበረው በቀጣዩ ዓመት ወደ 4.1 ቢሊዮን ዶላር አድጓል። የተለወጠው «ይህ ዕድገት ለዘለቄታው ነው» የሚለው እምነት ነው።

ዋጋ ሲወድቅ ስሜት ብቻ ይሁን እውነተኛ ችግር እንዴት ልለይ?

ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም፤ ነገር ግን ዋጋውን ወደ ትርፍና ወደ ምጥጥን ከፍሎ ማየት ብዙ ያበራል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የተሻለው ነው።

በፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 የኒው ዮርክ ገበያ ከተዘጋ በኋላ፣ በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን ማለት ነው፣ የሜታ ሪፖርት ወጣ። በውስጡ ፌስቡክን በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ከ1.930 ቢሊዮን ወደ 1.929 ቢሊዮን መውረዱ ተጽፎ ነበር። ከሁለት ቢሊዮን ሰው ገደማ የጎደለው አንድ ሚሊዮን ብቻ ቢሆንም በኩባንያው ታሪክ ቁጥሩ ከአንድ ሩብ ዓመት ወደ ሌላው ሲቀንስ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ሪፖርት ኩባንያው አፕል በስልኮቹ ላይ ባደረገው የግላዊነት ለውጥ ምክንያት በዓመቱ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ ሊቀርበት እንደሚችል አሳወቀ። በ323 ዶላር ዘግቶ ያደረው አክሲዮን በማግሥቱ በ237.76 ዶላር ዘጋ። ይህ የ26 በመቶ ውድቀት ሲሆን፣ በገበያ ዋጋ ሲሰላ ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

አሁን ሁለቱን ዓመታት በቁጥር እንያቸው። በ2021 ሜታ በአንድ አክሲዮን 13.77 ዶላር ሲያተርፍ የዓመቱ መዝጊያ ዋጋ 336.35 ዶላር ነበር፤ ምጥጥኑ 24 ገደማ መሆኑ ነው። በ2022 ትርፉ ወደ 8.59 ዶላር፣ ዋጋው ወደ 120.34 ዶላር ወረደ፤ ምጥጥኑ 14 ሆነ። ዋጋው በ64 በመቶ ሲወርድ ትርፉ የቀነሰው በ38 በመቶ ነው፤ የቀረውን ያመጣው ገዢዎች ለእያንዳንዱ የትርፍ ዶላር ሊከፍሉ የፈቀዱት መጠን ከ40 በመቶ በላይ ማሽቆልቆሉ ነው። በ2023 ሁለቱም ተገለበጡ፤ ትርፉ 14.87 ዶላር፣ ዋጋው 353.96 ዶላር፣ ምጥጥኑም ተመልሶ 24 ገደማ ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር እረዳለሁ። ችግሩ ሐሰት አልነበረም፤ ትርፉ በእርግጥ ወርዷል፣ የምናባዊ ዓለም ሥራዎችን የሚመራው ክፍልም በ2022 ብቻ ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። ሆኖም ስሜቱ በመከራው ላይ መከራ ጨምሮ ውድቀቱን አባብሶታል። የምጥጥኑ ለውጥ ሁሉ ስሜት አለመሆኑን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከላይ የተጠቀሰው የወለድ ስሌትም በውስጡ አለ።

ዜናው ከወጣ ከቀናት በኋላ ዋጋ የሚናጋው ለምንድን ነው?

ዲፕሲክ የተባለው የቻይና ኩባንያ አር1 የተሰኘውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሉን ያወጣው በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነበር። ሞዴሉን ማንም ሰው አውርዶ ሊፈትሸው ይችል ነበር። በአነስተኛ ወጪ መሠራቱ ስለተነገረ፣ የኤንቪዲያ ቺፖች ፍላጎት ይቀንሳል የሚል ስጋት ሊያስነሳ የሚችል ዜና ነበር። በዚያ ሳምንት የኤንቪዲያ አክሲዮን ሳምንቱን ከጀመረበት ከፍ ብሎ ዘጋ። በቀጣዩ ሰኞ፣ በጃንዋሪ 27፣ በአንድ ቀን 17 በመቶ ወደቀ፤ ወደ 590 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ ጠፋ፣ ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ ገበያ ታይቶ የማያውቅ የአንድ ኩባንያ የአንድ ቀን ኪሳራ ነበር። በማግሥቱ ደግሞ 9 በመቶ ገደማ አገገመ።

መረጃው ለሳምንት ያህል በአደባባይ ነበር። አዲስ የሆነው ቅዳሜና እሑድ ሁሉም ሰው ስለ እርሱ ማውራቱ፣ የኩባንያው መተግበሪያም በአሜሪካ በብዛት ከሚወርዱት ቀዳሚ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ዜናን ብቻውን ሲያውቅ ያመዛዝናል፤ ሌላው ሁሉ እንዳወቀ ሲያውቅ ግን የሚያስበው ስለ ዜናው መሆኑ ቀርቶ ሌሎቹ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ይሆናል፤ ያኔ ቀድሞ የመሸጥ ሽቅድምድም ይጀመራል።

ስሜትን መለካት ይቻላል?

በከፊል ይቻላል። በሰፊው የሚታወቀው «የፍርሃት መለኪያ» የሚባለው ቪክስ ነው፤ ሰዎች በመጪዎቹ 30 ቀናት ከሚመጣ መዋዠቅ ራሳቸውን ለመጠበቅ ለሚገዙት ውል ከሚከፍሉት ዋጋ ይሰላል። የአሜሪካ የግለሰብ ኢንቨስተሮች ማኅበርም ከ1987 ጀምሮ በየሳምንቱ አባላቱን በመጪዎቹ ስድስት ወራት ገበያው ይወጣል፣ ይወርዳል ወይስ ባለበት ይቆያል ብለው እንደሚያስቡ ይጠይቃል።

መለኪያዎቹን እንደ ትንቢት መውሰድ ግን አደገኛ ነው። ቪክስ በማርች 16 ቀን 2020 በ82.69 ሲዘጋ ገበያው ወደ ታች የደረሰው ከሳምንት በኋላ ስለነበር፣ ብዙዎች «ፍርሃት ጣሪያ ሲነካ ግዛ» የሚል ትምህርት ወሰዱ። በኖቬምበር 20 ቀን 2008 ግን መለኪያው 80.86 ደርሶ ሳለ ገበያው የመጨረሻውን ወለል የነካው በማርች 2009፣ ከሦስት ወር ተኩል በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ መካከል የተበደረ ገንዘብ ይዞ የገባ ሰው መቆየት ሊያቅተው ይችል ነበር።

የአንድ ሰው ንግግር ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ይህን ያህል ኃይል አለው?

አለው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ የቴስላ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢሎን መስክ በሜይ 1 ቀን 2020 የቴስላ አክሲዮን ዋጋ በእርሱ አስተያየት ከመጠን በላይ ከፍ ማለቱን በትዊተር ጻፈ፤ አክሲዮኑ በዚያው ቀን 10 በመቶ ገደማ ወረደ። በዓመቱ መጨረሻ ግን ዋጋው ከዚያ ቀን ብዙ እጥፍ በልጦ ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። በ2020 መጀመሪያ ሰዎች የቪዲዮ ስብሰባው ዙም መስሏቸው ዙም ቴክኖሎጂስ የተባለ ሌላ ኩባንያ አክሲዮን ይሻሙ ጀመር። ይህ ኩባንያ ከ2015 ወዲህ ለሕዝብ ያቀረበው መረጃ አልነበረም። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በማርች 2020 መጨረሻ ግብይቱን ለጊዜው አገደው። የገዙት ሰዎች ስለ ኩባንያው ተሳስተው አይደለም፤ የትኛው ኩባንያ እንደሆነ እንኳ አላዩም። ከመግዛትዎ በፊት የኩባንያውን ሙሉ ስምና በገበያው የተመዘገበበትን ምልክት ፊደል በፊደል ያስተያዩ።

የምሠራበት የቴክኖሎጂ ኩባንያ ከደመወዜ ጋር አክሲዮን ይሰጠኛል፤ ይህ ሁሉ እኔን እንዴት ይነካኛል?

ይህን የሚጠይቁት በተለይ በአሜሪካ በዘርፉ የሚሠሩ ወገኖቻችን ናቸው። እዚያ በሥራ ዘመን ተቆጥሮ የሚለቀቅ አክሲዮን ሙሉ በሙሉ የእርስዎ በሚሆንበት ቀን ባለው ዋጋ እንደ ደመወዝ ይቆጠርና ግብር ይታሰብበታል። ስለዚህ ስሜት ጣሪያ በነካበት ቀን ተለቅቆልዎ ከዚያ በኋላ ዋጋው በግማሽ ቢወርድ፣ የገቢ ግብሩ የታሰበው በከፍተኛው ዋጋ ነው፤ ኪሳራው የሚታየው አክሲዮኑ ሲሸጥ ብቻ ነው።

ከግብሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ነው። ስሜት በአንድ ኩባንያ ላይ ሲዞር የአክሲዮኑ ዋጋና የሠራተኛው እንጀራ አብረው ይናጋሉ። ሜታ በኖቬምበር 2022 ከ11,000 በላይ ሠራተኞችን ሲቀንስ አክሲዮኑ ለዓመታት ባልታየ ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ነበር። ቁጠባውን ሁሉ በአሠሪው አክሲዮን የያዘ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ሊያጣ ይችላል። የተለቀቀልዎትን አክሲዮን መያዝ በደመወዝዎ አዲስ እንደመግዛት መሆኑን አስበው፣ በጥሬ ገንዘብ ቢሰጥዎ ኖሮ ይገዙት እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ።

በኢትዮጵያስ ይህ ነገር ይታያል?

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2025 ስለሆነ በየደቂቃው የሚዋዥቅ የቴክኖሎጂ አክሲዮን ገና አልለመድንም። ሆኖም ዋጋ በተወሰነበት ቦታም ስሜት መውጫ ያገኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በኦክቶበር 2024 የድርሻውን 10 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለዜጎች አቀረበ፤ ሽያጩም በቴሌብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮኖችን በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዝተው ነበር።

ዋጋው 300 ብር ላይ የቆመ ስለነበር የሰው ፍላጎት የታየው በተሸጠው ብዛት ነው። ይህን ግን በስሜት ብቻ መተርጎም አይገባም፤ አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ከ3,333 አክሲዮን ያልበለጠ ነበር፣ ዝቅተኛው የ33 አክሲዮን ግዢም 9,900 ብር ይጠይቃል።

ስሜት ኩባንያውን ራሱን ሊለውጠው ይችላል?

እስካሁን ስሜት ዋጋን እንጂ ኩባንያውን እንደማይነካ አድርጌ ጻፍኩ፤ ይህ ግን እውነቱን ሁሉ አይናገርም። ቴስላ በ2020 ዋጋው ሽቅብ ሲወጣ ሦስት ጊዜ አዳዲስ አክሲዮኖችን እየሸጠ በድምሩ 12 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ሰበሰበ። በዚያ ዓመት ያተረፈው 721 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። የገዢዎች ተስፋ ዕዳ የሌለበት ገንዘብ ሆኖ ገባ፤ ገንዘቡም ፋብሪካ የሚሠራ ስለሆነ ተስፋው ራሱን በከፊል እውን አደረገ።

በተቃራኒው ዋጋው የወደቀ ወጣት ኩባንያ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብዙ አክሲዮን መሸጥ አለበት፣ በአክሲዮን የሚከፈላቸው ባለሙያዎቹም ይለቁታል። ይህን መቋቋም የሚችለው ከገበያው ገንዘብ ሳይጠይቅ መሰንበት የሚችል ነው። አማዞን በ2000 አክሲዮኑ 80 በመቶ ገደማ ሲወርድ ሽያጩ ከ1.64 ወደ 2.76 ቢሊዮን ዶላር አድጎ ነበር። ስለዚህ ስለ አንድ ኩባንያ ስሜት ሲቀዘቅዝ እኔ አስቀድሜ የማየው በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ለስንት ወር እንደሚበቃው ነው።

ስሜቱ ልክ ማለፉን ካወቅሁ ዋጋው ይወርዳል ብዬ ለምን አልወራረድም?

ልክ ማለፉን ማወቅና መቼ እንደሚያበቃ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። ዋጋ ይወርዳል ብሎ የሚወራረድ ሰው አክሲዮን ተበድሮ ይሸጣል፣ በኋላም በርካሽ ገዝቶ ለመመለስ ያስባል። አክሲዮን የገዛ ሰው ቢበዛ የከፈለውን ያጣል፤ ተበድሮ የሸጠ ግን ዋጋው በወጣ ቁጥር ኪሳራው ወሰን የለውም፣ ደላላውም በመሃል ተጨማሪ መያዣ ይጠይቀዋል።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር የነበሩት አላን ግሪንስፓን በዲሴምበር 5 ቀን 1996 ባደረጉት ንግግር ስለ ገበያው ከመጠን ያለፈ ስሜት ጥያቄ አንስተው ነበር። በዚያ ቀን የናስዳክ ኢንዴክስ 1,300 አካባቢ ነበር። በኦክቶበር 2002 1,114 ላይ ሲደርስ ስጋታቸው ለቴክኖሎጂ አክሲዮኖች መሠረት እንደነበረው ታየ። ንግግሩን ሰምቶ በዚያ ሳምንት በናስዳክ መውረድ ላይ የተወራረደ ሰው ግን አስቀድሞ ማርች 10 ቀን 2000ን ማለፍ ነበረበት፤ ኢንዴክሱ ያን ቀን የዘጋው በ5,048 ነው።